የሚሸጥ ሽንፈት

ሦስተኛ አክስት መጽሐፉን በእጃቸው አልነኩትም። የሞተ አይጥ ከመንገድ እንደሚያስወግድ ሰው ፊታቸውን አዙረው በጫማቸው ጫፍ ከጫማ መደርደሪያው ሥር እስከ ደጃፉ ገፉት፤ ደፉ ላይ ሲደርሱም ሙሉ እግራቸውን አሳርፈው አንድ ጨመሩለት። መጽሐፉ በእንጨቱ ደረጃ እየተገለባበጠ ወርዶ ምድር ቤት ካለው ዝግ ሱቅ በር ጋር ተላተመ። «ሽንፈት መንገዴ ላይ የዘረጋው ማነው?» አሉ ወደ ቤት ዞረው። «በአዲስ ዓመት! ቁማር ልጫወት ስወጣ! እኔ ምን በደልኳችሁ?» የወንድማቸው ልጅ የሚዮ ላን እናት ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ትርንጎ ይልጡ ነበር፤ ቀና አላሉም። ትርንጎውን ግን ከወትሮው ይበልጥ በጥንቃቄ፣ ነጩን ጭረት አንድ በአንድ እየነቀሉ ይልጡት ጀመር። በባላቸው እህት ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሴት ናቸውና መቼ መልስ እንደማይሰጥ ያውቃሉ። የቻይናውያን አዲስ ዓመት ሦስተኛ ቀን ደግሞ «ቀይ አፍ» ይባላል፤ የጠብ ቀን ነው፤ ብልህ ሰው ዘመድ አይጠይቅም፣ ከዘመዱ ጋር የሚኖር ደግሞ ትርንጎ ይልጣል።

መጽሐፉ የሚዮ ላን ነበር። አዲስ ነው፤ ገና አልተጀመረም። ጫማዋን ስትፈልግ ለአንድ አፍታ እዚያ አስቀምጣው ነው። ጥፋቷን ታውቀዋለች፤ በዚያ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ሊረሳው የማይገባ ነገር ነውና። በቁማር ከተማዋ በማካው ሰው አፍ መጽሐፍ «ሲዩ» ነው፤ መሸነፍም «ሲዩ» ነው። ድምፁም አንድ፣ ዜማውም አንድ። ቁማር በማይታወቅበት አገር ይህ የቋንቋ መምህራን ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር፤ እዚህ ግን ስንት ትዳር አናግቷል። ሚዮ ላን ትንሽ ልጅ ሳለች የትምህርት ቦርሳዋ የሚያድረው ጎረቤት ነበር። ሰው «ልጅቱ የት ሄደች?» ብሎ ሲጠይቅ ሦስተኛ አክስት «መጽሐፍ ልታነብ» አይሉም፤ «ድል ልታነብ» ይሉ ነበር። ወጥ ቤቱ ውስጥ በምስማር ተንጠልጥሎ የሚኖረው፣ የትኛው ቀን ለሠርግ የትኛው ለጠጉር መቆረጥ እንደሚሆን የሚነግረው ወፍራም የቀን መቁጠሪያ ራሱ ገጽም ልባስም ደራሲም ያለው ነው፤ ነገር ግን ከተማው ሁሉ ተስማምቶ «ሁሉን ድል» ብሎታልና ማንም መጽሐፍነቱን አያነሣበትም። ምድር ቤት ያለው ሱቅም እንዲሁ። የሦስተኛ አክስት አባት፣ የሚዮ ላን አያት፣ የዕጣን ንግዳቸውን ከዘጉ ወዲህ ባዶ ነው፤ «ባዶ» ማለት ግን በእነሱ አፍ «እርጉም» ከማለት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በሩ ላይ የተለጠፈው ቀይ ወረቀት «ዕድለኛ ቤት ይከራያል» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕድለኛ ሆኖ ተቀምጧል።

ሚዮ ላን ይህን ዕድለኛ ቤት ትፈልገዋለች። ፍላጎት ሲባልም እንዲሁ ፍላጎት አይደለም፤ በሌሊት ፈረቃ ላይ ቆማ እያለች መደርደሪያዎቹን በሐሳቧ ትሠራለች፤ አንዱን ግድግዳ ለልብ ወለድ፣ አንዱን ለታሪክ፣ መስኮቱን ለልጆች። ሥራዋ ካርታ አዳይነት ነው። ማዶ ካሉት ትልልቅ ካዚኖዎች በአንዱ፣ ኪሱ በተሰፋ ሱሪ፣ ፊቷን እንደ ሳህን አድርጋ፣ ለሰዎች ሽንፈታቸውን በእጃቸው ስታድል ወጣትነቷ አለቀ። ከጠረጴዛ ከመነሣቷ በፊት አንዴ አጨብጭባ መዳፏን ገልብጣ ምንም አለመደበቋን ለጣሪያው ካሜራ ማሳየት ስለለመደች፣ ቤትም እራት በልታ ስትነሣ ታጨበጭባለች። እናቷ «ልጄ፣ እዚህ ካሜራ የለም፤ ሩዝ ብቻ ነው ያለው» ይሏታል። ሱቁ ከተገኘ ትወጣለች፤ ካልተገኘ ያው ማደል ነው፤ በዚያ ሠፈር በእሷ አቅም ሌላ ቤት የለምና።

ችግሩ ሦስተኛ አክስት «ምን ልትሸጪ ነው?» ብለው የጠየቁ ዕለት ሚዮ ላን «ወረቀት» ብላ መመለሷ ነው። አልዋሸችም። ግን በዚያ ጎዳና ወረቀት የሚሸጥ ሰው ማለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሙታን የሚቃጠል ወረቀት የሚሸጥ፤ የወረቀት ገንዘብ፣ የወረቀት ቪላ፣ የወረቀት መኪና፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ የወረቀት ስልክ ከነወረቀት ቻርጀሩ። የአክስትየው ፊት እንደ ፋኖስ በራ። «ለሙታን! እኔ እኮ ይቺ ልጅ ጭንቅላት የላትም ስል ነበር! ሙት አይከራከር፣ ሙት ዱቤ አይል፣ ሙት የገዛውን አይመልስ! ከዚህ የበለጠ ምን ንግድ አለ?» ሚዮ ላን አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደተዘጋ ነው።

ትናንት እራት ላይ ደግሞ ፍርዱ ወጣ። የለውዝ ብስኩት ነጋዴው አቶ ኩዎክ ሱቁን በእጥፍ ኪራይ ጠይቋል። ሦስተኛ አክስት ቾፕስቲካቸውን አስቀመጡና፣ «ስሚኝ» አሉ፤ «የአባቴን ሱቅ ዕድሏን ላላየሁት ልጅ አልሰጥም። ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ከኋላዬ ትቆሚያለሽ። አሸንፌ ከተነሣሁ ቁልፉ ያንቺ ነው፤ ተሸንፌ ከተነሣሁ ኩዎክ ብስኩቱን ይጋግርበት።» ቁልፉ በቀይ ክር አንገታቸው ላይ ነው የሚኖረው፤ ይህን እያሉም ነካ አደረጉት። «ነገ» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማዋ ሕግ ካርታ አዳዮችን ዓመቱን ሙሉ ከቁማር አዳራሽ ያግዳቸዋል፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ እግራቸውን ማስገባት አይችሉም። የሚፈቀድላቸው የአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ብቻ ነው፤ እንደ ጾም ፍቺ። ዛሬ ካለፈ ቀጣዩ ዕድል ለከርሞ ነው፤ ለከርሞ ደግሞ ምድር ቤቱ ለውዝ ለውዝ ይሸታል።

ስለዚህ ሚዮ ላን ቀዩን ሹራቧን ለብሳ ከአክስቷ ኋላ ደረጃውን ስትወርድ መጽሐፏን አገኘችው። ልባሱ ላይ የአክስትየው ጫማ ሶል፣ ባለ አበባው፣ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ትታው እንዳትሄድ አክስቷ ሲመለሱ ሊረግጡት ነው፤ ወደ ላይ እንዳትመልሰው ጊዜ የለም። ወደ ቦርሳዋ ጨመረችው። ቦርሳውን ስትዘጋ ነው ምን እንዳደረገች የገባት፤ የሕይወቷ ነገር በአክስቷ ማሸነፍ በሚወሰንበት ቀን፣ ሽንፈትን ራሱን ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ካዚኖ እየሄደች ነው። «እኔ በዚህ አላምንም» አለች በልቧ። እጇ ግን ዚፑን እስከ ጥጉ ሳበው።

ጎዳናው የርችት ቀይ ቅራፊ ተነጥፎበት ነበር። የብስኩት ሱቆች ለአላፊ አግዳሚው ቅምሻ ያድላሉ፤ ዕቃ ይዘው የሚያበድሩት የወለድ አግድ ቤቶች በአዲስ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ሳይዘጉ የወርቅ ሰዓት ደርድረዋል። ሦስተኛ አክስት ከውስጥም ከውጭም ቀይ ለብሰዋል፤ ይህንንም ለሚሰማም ለማይሰማም ይናገራሉ። ቤት ውስጥ ያለውን መብራት ሁሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር፣ በጠራራ ቀን አብርተው ነው የወጡት፤ ጨለማ ትቶ የወጣ ሰው ጨለማ ይዞ ይመለሳል። ካዚኖው ጋ ሲደርሱ በዋናው በር አልገቡም። ዋናው በር የአውሬ አፍ ይመስላል፤ ያንን እያየ የሚገባ ቱሪስት ብቻ ነው። በጎን፣ ዓሣ በሚራገፍበት በር፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ሚዮ ላን በደንበኛነት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ጥበቃው ቦርሳዋን ከፈተ፤ መጽሐፉን አየ፤ እሷን አየ፤ ፊት ፊት የሚሄዱትን ቀይ አሮጊት አየና ቦርሳውን እንደ ሕፃን ዓይን በቀስታ ከደነው። «መልካም አዲስ ዓመት» አላት፤ ድምፁ ሐዘን የደረሰበትን ሰው የሚያጽናና ይመስል ነበር።

አዳራሹ መስኮት የለውም፣ ሰዓት የለውም፤ በአዲስ ዓመት ደግሞ መቆሚያም የለውም። ጭሱ፣ ጩኸቱ፣ የወተት ሻይ ይዘው የሚዞሩት ልጃገረዶች፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሲፈነዳ ሌላው ላይ የሚያስተጋባው «ሆ!»። ሚዮ ላን ይህን ሁሉ ዕድሜ ስትሰማው የኖረችው ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው፤ ከዚህኛው በኩል ሲሰማ ግን ሌላ ነገር ሆኖ፣ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ሆኖ አገኘችው። ሦስተኛ አክስት ሰው የከበባቸውን ጠረጴዛዎች እያሸተቱ አልፈው አንዱ ላይ ተሰየሙ። ጨዋታው ባካራ ነው፤ እዚያ ከባካራ ሌላ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ሚስቱን ሊያስደስት የመጣ ነው። ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ «ባለርስት» ይባላል፣ ሌላው «ሥራ ፈት»። ሁለት ሁለት ካርታ ይወጣል፤ ድምሩ ለዘጠኝ የቀረበ ያሸንፋል፤ ባለሥዕሉና አሥር ቁጥሩ ባዶ ናቸው። ሦስተኛ አክስት ሁልጊዜ የሚያስይዙት በባለርስት ነው። «የቤት ባለቤት ነኝ» ይላሉ፤ «ከእንግዲህ በሥራ ፈት ላስይዝ? አባቴ ከመቃብሩ ተነሥቶ በጥፊ ይለኛል።»

ከጎናቸው የተቀመጠው ከወዲያኛው ድንበር የመጣ የወርቅ ጥርስ ያለው ሰውዬ በሥራ ፈት ነበር የሚያስይዘው። «እናቴ፣ ባለርስት ዛሬ ደክሞታል» አላቸው። «የደከመው ያንተ ኩላሊት ነው» አሉት ሦስተኛ አክስት፣ ዓይናቸውን ከካርታው ሳያነሡ። ካርታ የምታድለው ወጣት ሴት ፊቷን እንደ ሳህን አድርጋለች። ሚዮ ላን የልጅቱን የእጅ አንጓ አየችና የራሷ አመማት።

አሸነፉ። ደግመው አሸነፉ። ሦስተኛ አክስት ካርታውን እንደ ሌላው ሰው ገልብጠው አያዩም፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው፣ በአውራ ጣታቸው ከጫፉ ጥቂት ጥቂት እያጠፉ፣ ነጥቡ ሲወጣ እየታገሉ፣ የማይፈልጉትን ነጥብ በትንፋሻቸው «እፍ!» እያሉ እያባረሩ ነው የሚያነቡት። ሲጨርሱ ካርታው ተጨማዶ ያገለገለ ሶፍት ይመስላል፤ ማንም አይቆጣቸውም፣ እዚህ ካርታ አንድ ጊዜ ብቻ ተነብቦ ይጣላልና። ሚዮ ላን ከኋላቸው ቆማ እያየች አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። በዚህች ከተማ ወረቀት እንዲህ በፍቅር፣ በጥንቃቄ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብበት ሌላ ቦታ የለም። አንድ ሰው ልብ ወለድ እንዲህ ቢያነብልኝ ብላ ተመኘች።

ሦስተኛ ጊዜ አሸነፉ። የሌላ ጠረጴዛ ሰዎች ሽታው ደርሷቸው መጡ። አራተኛ። ሰው በሰው ላይ ተደራረበ፤ የማያውቋቸው ሰዎች «አክስቴ» እያሉ በእሳቸው ወገን ያስይዙ ጀመር። ሦስተኛ አክስት ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ጠጉራቸው ከማበጠሪያው አምልጦ፣ የሃያ ዓመት ልጅ መስለው ነበር። ሚዮ ላን ደግሞ ቦርሳዋን በክንዷ ጨምቃ ትቁነጠነጣለች። ሽንፈቱ ጎድኗ ላይ ነው፤ ካርታውም እየመጣ ነው። መጽሐፍ አክስቷ የሚሉትን የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ባዶአቸውን ይቀሩ ነበር። «አየሽ?» አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ምናልባት ገና አልነቃ ይሆናል» ብላ ራሷን ታዘበች። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህን ለማሰብ ነው።

አሁን ቢነሡ አበቃ፤ ቁልፉ የእሷ ነው። «አክስቴ…» አለች ጎንበስ ብላ። ትከሻቸውን ልትነካ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ፤ የሚጫወት ሰው ትከሻ አይነካም፤ በዚያ ከተማ በትከሻ መንካት የተነሣ ሰው ሆስፒታል ገብቷል። «ዝም በይ» አሉ አክስት ሳይዞሩ። ከዚያም ከፊታቸው የተቆለለውን ሁሉ በሁለት እጃቸው አቅፈው፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው፣ ባለርስት ላይ አስቀመጡት። ሁሉንም። የከበባቸው ሕዝብ አንድ ላይ ተነፈሰ። የወርቅ ጥርሱ ሰውዬ ተናደደና ያለውን አሟጦ ሥራ ፈት ላይ ደፋው። ካርታ አዳይዋ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሻግራ ማስያዝ ማብቃቱን አስታወቀች፤ ካርታው ወጣ።

ሰውዬው ለመታገል ትዕግሥት አልነበረውም። ሁለቱንም ገለበጣቸው፦ አምስትና ሦስት፤ ስምንት። ስምንትን የሚያሸንፍ ዘጠኝ ብቻ ነው። ሰውዬው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ፤ ክንዱ ሚዮ ላንን ገጨ፤ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፤ ጥበቃው ከከፈተው ወዲህ እስከ ጥጉ ያልተሳበው ዚፕ እንደ ሐሜተኛ አፍ ተከፈተና መጽሐፉ ወጥቶ ተንሸራቶ ሄዶ ከሰውዬው ጫማ ሥር ቆመ።

ሰው ሁሉ እሳት እንደወደቀበት ወደ ኋላ አፈገፈገ። «የማነው ይሄ ሲዩ?» ብሎ ጮኸ ሰውዬው። ሲዩ! በዚያ አዳራሽ ያ ቃል እንዲያ በሙሉ ድምፅ ሲጠራ ተሰምቶ አያውቅም፤ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ሰው «ማን ተሸነፈ?» አለ። ሦስተኛ አክስት ቀስ ብለው ዞሩ። መጽሐፉን አዩት። ልባሱ ላይ ያለውን የጫማቸውን አበባ አዩት። ከዚያ የወንድማቸውን ልጅ ፊት አዩ፤ የሳህኑ ፊት ጠፍቶ የሰው ፊት፣ ያውም የጥፋተኛ ሰው ፊት ሆኖ ነበር። ሚዮ ላን «የእኔ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት አክስቷ ቀደሟት።

«ወንድሜ» አሉት ሰውዬውን፣ ማር በሆነ ድምፅ፤ «ከእግርህ ሥር ያለ ያንተ ነው።»

ሰውዬው እግሩን አነሣ። ወዴት ያድርገው? ካርታ አዳይዋ በተለመደው ድምፅ፣ ገንዘብ ተይዟል ካርታው ይከፈት አለች። ሦስተኛ አክስት የመጀመሪያውን ገለበጡ፤ ንጉሥ፤ ባዶ ነው። ሁለተኛው ላይ ተደፉ። በረጅሙ ጎን ጠርዙን ትንሽ አጠፉ፤ ነጥቦቹ ከጠርዙ ሥር ብቅ አሉ፤ አራት ናቸው። «አራት!» አለ ሕዝቡ። አራት ነጥብ በጎን የሚታይበት ካርታ ዘጠኝ ነው ወይም አሥር። ዘጠኝ ከሆነ ዓለም የእሳቸው ናት፤ አሥር ከሆነ ባዶ ላይ ባዶ። ልዩነቱ መሐል ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ነች። ካርታውን አዙረው በአጭሩ ጎን ያዙት፤ ከላይ ሁለቱ ነጥቦች ወጡ፤ ከእነሱ ዝቅ ብሎ መሐል ላይ አንድ ነጥብ ብቅ ካለ አሥር ነው፤ አለቀ። «እፍ!» አሉ ሦስተኛ አክስት። «እፍ!» አለ ከኋላቸው ያለው ሁሉ፤ ነጋዴው፣ ባለ ታክሲው፣ የወተት ሻይ የያዘችው ልጅ። ሚዮ ላንም እፍ አለች፤ ኢኮኖሚክስ የተማረችው፣ ካርታ ጆሮ እንደሌለው የምታውቀው ሚዮ ላን ጉንጯ እስኪቃጠል እፍ አለች። የአክስቷ አውራ ጣት እንደ ጉንዳን ሄደ። ነጭ። አሁንም ነጭ። ነጥቧ መውጣት ያለባት ቦታ መጣ፤ ነጭ! ካርታው ተገለበጠ። ዘጠኝ።

አንድ ሰው በጣም ጮኸ። ሚዮ ላን ዞራ ማን እንደሆነ ፈለገችና ራሷ መሆኗን አወቀች። የማታውቀው ሽማግሌ አቅፏት ይዘላል። ካርታ አዳይዋ እንኳ፣ ለካሜራው በማይታይ መጠን፣ በከንፈሯ ጥግ ፈገግ ብላለች። የወርቅ ጥርሱ ሰውዬ ብቻ ቁጭ ብሎ መጽሐፉን ቁልቁል ያይ ነበር፤ ሚዮ ላን «ይቅርታ» ብላ ከእግሩ ሥር ስትወስድለት «ውሰጂው፣ ውሰጂው እባክሽ» አላት፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሦስተኛ አክስት የብስኩት ቅምሻ ሲሰጣቸው እንኳ አልተቀበሉም፤ ይህ ደግሞ ሆኖ አያውቅም። ሚዮ ላን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ፣ የአክስቷን ማጅራት እያነበበች ተከተለች። አሸንፈው ተነሥተዋል፤ ቃል ቃል ነው። ግን የዋሸች ልጅ ዕድል ዕድል ነው? ሱቁ በር ላይ፣ «ዕድለኛ ቤት» ከሚለው ወረቀት ሥር ሲደርሱ ሚዮ ላን ከዚህ በላይ አልቻለችም። ቆመች፤ ሳታስበው አንዴ አጨበጨበች፤ መዳፎቿን ገልብጣ አሳየቻቸው።

«አክስቴ፣ ወረቀት ያልኩዎት የሚቃጠለውን አይደለም። የሚነበበውን ነው።»

«ጠረጴዛ ሥር ሲወድቅብሽ ነገርሽኝ እኮ» አሉ። ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ አዲሱን ጫማቸውን አውልቀው ጣታቸውን ያሹ ጀመር። ከላይ፣ በጠራራ ቀን የበራው የቤታቸው መብራት በመስኮቱ ይታያል። «ያ ነገር ስንት ይሸጣል?»

«የቱ?»

«አታስጠሪኝ።»

«መቶ ሃያ ፓታካ።»

«መቶ ሃያ! ከፍሎ ምን ያደርገዋል?»

«ቤቱ ወስዶ ያነበዋል።»

«ቤቱ ነው የሚወስደው?» ጣታቸውን ማሸት ተዉ። «የራሱ ቤት?»

«የራሱ።»

«እዚህ ትቶት አይሄድም?»

«ከፍሎበት ለምን ይተወዋል አክስቴ?»

የሦስተኛ አክስት ዓይን ካርታ ጫፉ ሲታጠፍ እንደሚሆነው ሆነ፤ ጠበበ፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ተከፈተ። «እንግዲህ» አሉ በሹክሹክታ፤ «አንድ ሰው በገዛ እግሩ መጥቶ፣ በገዛ ገንዘቡ ሽንፈት ይገዛና፣ ከእኔ ቤት አውጥቶ ወደ ራሱ ቤት ይዞልኝ ይሄዳል።» ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ጫማቸውን አንዱን ብቻ አድርገው። «ሚዮ ላን! እነዚያ ማዶ ያሉት ሕንጻቸውን በወርቅ የለበጡት በዚሁ ንግድ አይደለም እንዴ! ሌላ ምን ይሸጣሉ? እኛ ምን ነክቶን ነው እስከ ዛሬ ገዢ ብቻ የሆንነው?»

ይህን ሲሉ አቶ ኩዎክ ከማዕዘኑ ብቅ አለ፤ በአዲስ ሸሚዝ፣ አንድ ካርቶን የለውዝ ብስኩት አቅፎ። «ሦስተኛ አክስት፣ መልካም አዲስ ዓመት! ስለ ቁልፉ ነበር አመጣጤ፤ ከዚያ ደግሞ ጥቂት ልሞክር ወደ ማዶ…»

«አቶ ኩዎክ!» አሉ፣ ብስኩቱን በሁለት እጃቸው እየተቀበሉ። «ሱቃችን አሁን ተከፈተ። የመጀመሪያው ደንበኛ አንተ ነህ። በአዲስ ዓመት የመጀመሪያ ደንበኛ ሳይገዛ አይሄድም፤ መቼም አንተ እንዲህ ያለ ነውር አታደርግም።»

«ኧረ በፍጹም! ምንድን ነው የምትሸጡት?»

«ወረቀት።»

አቶ ኩዎክ ለሙታኖቹ የሚቃጠል መስሎት በደስታ ከፈለ። ሚዮ ላን መጽሐፉን፣ የጫማውን አበባ በሹራቧ እጅጌ ጠረግ አድርጋ፣ በሁለት እጇ አቀረበችለት። ከተቀበለው በኋላ ነው ያየው። «ይሄ… ይሄ እኮ ሲዩ ነው!»

«አዎ» አሉ ሦስተኛ አክስት፤ «ያንተው ነው።»

በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎት ሄደ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ወደ ማዶ ተመለከተ፤ መጽሐፉን ተመለከተ፤ ከዚያ ትከሻው ወርዶ ወደ ቤቱ መንገድ ታጠፈ። ሦስተኛ አክስት አንገታቸውን አስግገው እስኪጠፋ ድረስ ሸኙት። «አየሽው? ወሰደው! እውነትም ወሰደው!» እያሉ ቀዩን ክር ከአንገታቸው አውጥተው ቁልፉን ሚዮ ላን መዳፍ ላይ አኖሩት፤ ሙቀታቸው ገና አለቀቀውም። ሚዮ ላን በሩን ሳትከፍት መደርደሪያዎቹ ታዩዋት፤ እግሯ መሬት አልነካ አለ፤ ቃላቱ ከአፏ ይቀዳደሙ ጀመር። «እዚህ ልብ ወለድ፣ እዚያ ታሪክ፤ በጥጉ በኩል ደግሞ አክስቴ፣ ለሠፈሩ ልጆች ማዋሻ እንዲሆን…»

የሦስተኛ አክስት ጣቶች ተመልሰው ቁልፉ ላይ ተከደኑ።

«ማዋሻ?»

«አዎ፤ አንብበው ሲጨርሱ የሚመልሱት…»

«የሚመልሱት!» ብለው ጮኹ፣ ላይ ቤት የሚዮ ላን እናት ትርንጎአቸውን ይዘው በመስኮት ብቅ እስኪሉ ድረስ። «ስሚ፤ ሽጪ። በነጻም ስጪ። ሌባ ቢመጣ በሩን እኔ ራሴ ወለል አድርጌ እከፍትለታለሁ። ማዋስ ግን በአባቴ ቤት የለም!»